አባዬ በናቲ የማለ ዕለት

ጎፋ ከጋራዦቹ ጀርባ ሳልፍ የመኪና ወንበር የሚሰፋበት ማሽን ከተሰማኝ ሳላስበው እርምጃዬ ይቀንሳል። ወፍራም ቆዳ እየበሳ ትንሽ ሮጦ፣ ቆም ብሎ፣ እንደገና የሚሮጠው ያ ድምፅ ያሳደገኝ ድምፅ ነው። አባዬ ሥራ ሲበዛበት የተረፈውን ወደ ቤት እያመጣ በረንዳችን ላይ ይሰፋ ነበር፤ ማሽኑ ሲሮጥ አብሮት ይዘፍናል፣ ማሽኑ ሲቆም ትንፋሹን ይስባል፣ ክሩ ሲበጠስበት ደግሞ ክሩንም የሠራውንም ፋብሪካ በዜማ ይሰድባል። ልጅ ሳለሁ ሰው ሁሉ እየዘፈነ የሚሠራ ይመስለኝ ነበር።

እማዬ ከመጀመሪያም ሃይማኖተኛ ነበረች፣ ግን እንደ ማንም ሰው ነበር። እሑድ ቤተ ክርስቲያኗ ሄዳ ትመጣለች፣ ምሳ ታቀርባለች፣ አባዬ ሲዘፍን «አንተ ሰውዬ፣ ጎረቤት ምን ይላል?» እያለች ትስቃለች። ነገሩ የተለወጠው ታናሽ ወንድሜ ናቲ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በክረምት፣ የሳንባ ምች ይዞት ሆስፒታል የተኛ ጊዜ ነው። እማዬ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ስታለቅስ አንዲት የማታውቃት አስታማሚ እጇን ይዛ ጸለየችላት፤ ልጁም ትኩሳቱ በርዶለት ወደ ቤት ተመለሰ። ሐኪሞቹ መርፌውን አመሰገኑ፣ እማዬ ግን ሴትየዋን ተከትላ መካኒሳ አንድ የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ወደሚሰበሰብ ትንሽ ኅብረት መሄድ ጀመረች። ልጇን ከሞት የተቀበለችን እናት ማን ይከራከራታል? አባዬም አልተከራከራትም፤ ጭቃውን እየረገጠ እስከ አዳራሹ በር ያደርሳትና ጃንጥላውን ትቶላት፣ እሱ በዝናብ እየተደበደበ ይመለስ ነበር።

በዚያ ኅብረት ዘፈን ሁሉ የሰይጣን ነበር። ዓለማዊ ዘፈን በሌሎችም ጴንጤዎች ዘንድ እንደማይወደድ አውቃለሁ፣ የእነዚህ ግን ባሰ፤ ፉጨትም፣ እንጉርጉሮም፣ የሕፃናት ጨዋታም አልቀረላቸውም። መስከረም ሲጠባ የሰፈሩ ልጃገረዶች ለአበባየሆሽ ሲጠሩኝ እማዬ በሩ ላይ ቆማ «እሷ አትዘፍንም» አለቻቸው። ያን ዕለት አደይ አበባዬን እንደያዝኩ በመስኮት ሳይ ዋልኩ። ከጎረቤት ግቢ ዜማው ሲመጣ የእማዬ እግር ሳይታወቃት ወለሉን ይመታ ነበር፤ ሲታወቃት ሰብሰብ አድርጋ አቆመችው። እሱን ካየሁ በኋላ ይበልጥ ተናደድኩባት፤ እናቴን ከልቤ የጠላሁት ያን ቀን ነው።

ጥር የሠርግ ወር ነው፣ አባዬን የማይጠራ ሠርግ ደግሞ በሰፈራችን አልነበረም። ሙሽራ ሲሸኝ ዘፈኑን እሱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበለዋል። ይህን ጊዜ የኅብረቱ መሪ እማዬን አስጠርቶ ከሚዘፍን ሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር መኖር የተሰጣትን ምሕረት መርገጥ እንደሆነ፣ ወይ ባሏ መተው ወይ እሷ ልጆቿን ይዛ መውጣት እንዳለባት ነገራት። አባዬ ከሰዓት በኋላ ከአንድ ሠርግ ክራባቱን አላልቶ ሲገባ ልብሳችን በፌስታል ታስሮ በሩ ሥር ተደርድሮ ጠበቀው።

«ወዴት ነው?» አላት።

«እኔ እንጃ፣ ታዴ። ዘፈኑ ካለ እኔ የለሁም። ናቲን ድጋሚ ቢያመውስ?» አለችና ማልቀስ ጀመረች።

መቆጣት ይችል ነበር፤ አክስቶቼ ነገሩን ሲሰሙ «ምነው እኔ በሆንኩ» ብለዋል። እሱ ግን እማዬ ክፉ ሆና ሳይሆን ፈርታ እንደሆነ ገብቶታል መሰለኝ፣ ናቲን ከወለሉ አንስቶ አቀፈና «ስሚኝ ዘኑ፣ ናቲን ይንሳኝ፣ ሁለተኛ አልዘፍንም» አላት።

በእኛ ሰፈር በእግዚአብሔር ስም ያልማለ ነጋዴ የለም፣ ሽንኩርት ሻጩም ሳይቀር ይምላል፤ በልጁ የሚምል ግን ጥቂት ነው፣ ከማለ በኋላም መመለሻ የለውም። እማዬ ደንግጣ «በልጅ አይማልም!» አለች። አለችና ፌስታሎቹን መልሳ አስገባች።

ከዚያ ወዲያ በረንዳው ላይ ማሽኑ ብቻውን ይሮጥ ጀመር። ማናችንም ያላሰብነው የናቲን እንቅልፍ ነበር። ልጁ የሚተኛው አባዬ ራሱ ባወጣት እሹሩሩ ነው፤ «ተኛ የኔ ሾፌር፣ መኪናችን ቆሟል፣ ጎማውም ደክሞታል» የምትል፣ እየረዘመች ሄዳ በመጨረሻ የሰፈሩን መኪና ሁሉ የምታስተኛ ዘፈን ነበረች። እማዬ በፈንታዋ መዝሙር ሞከረች፤ የኅብረቱ መዝሙር ግን ጭብጨባ ስለሚበዛው ልጁ ጭራሽ ተነስቶ ቁጭ ብሎ ያጨበጭብላት ነበር። አባዬ ደረቱ ላይ አድርጎት ዝም ብሎ ሲመላለስ ደግሞ ናቲ በትንሽ እጁ ከንፈሩን ይዞ ይጎትተዋል፤ ድምፁ ከየት እንደሚወጣ ያውቃላ። እማዬ በር ላይ ቆማ ይህን ታይ ነበር።

የበልግ ዝናብ ሲጀምር ናቲን እንደገና አተኮሰው። እማዬ ያን ቀን ወደ አዳራሹ አልሄደችም፣ ከአባዬ ጋር ክሊኒክ ወስደውት መድኃኒት ይዘው ተመለሱ። ልጁ ግን አልተኛ ብሎ ድምፁ እስኪዘጋ አለቀሰ።

«ታዴ፣ ዝፈንለት» አለችው በመጨረሻ።

አባዬ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። «በሱ ምያለሁ እኮ፣ ዘኑ።»

«መሐላው ራሱ ኃጢአት ነው፣ አይያዝህም። እኔ ለጌታ እነግርልሃለሁ።»

«ንገሪው። ልጁ ግን እያተኮሰው ነው» አላት፣ እና ልጁን ይዞ መመላለሱን ቀጠለ።

ናቲ በማግሥቱ ተሻለው። እማዬ ኅብረቱን ተወችና ወደ ድሮ ቤተ ክርስቲያኗ ተመለሰች፤ በሚቀጥለው መስከረም አደይ አበባዬን ራሷ አስራ ከልጆቹ ጋር ላከችኝ። የከለከለችኝን መመለስ አላቃታትም፤ የአባዬን መሐላ ግን ስንት ጊዜ ለምናው፣ ሽማግሌም ልካ፣ «ልጁ ጤነኛ አይደል? ምን አስቸኮለሽ?» ከሚል መልስ በቀር አላገኘችም። ሁለቱ ተኳርፈው ሲያድሩ አይቼ አላውቅም። ብቻ ቤታችን ውስጥ አንድ ሰው እንደጎደለ ሁሉ ጸጥ ይል ነበር።

ያኔ ከሁለቱ አክራሪዋ እማዬ ትመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው እሷ ያመነችው ለልጇ ፈርታ ነው፣ እሱም ዝም ያለው ለልጁ ፈርቶ ነው፤ የማን እንደሚብስ መፍረድ አቅቶኛል። አዳራሹ ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል። ናቲ ጺም ያለው ሰው ሆኖ ልጅ ወልዷል፣ እሑድ እሑድ ሕፃኗን ይዞ ወላጆቻችን ቤት ይመጣል። ስታለቅስ አባዬ ደረቱ ላይ አድርጎ ይመላለሳል፣ እማዬም በዚያ ዜማ በማይሆንላት ድምጿ ከኋላ ከኋላው እየሄደች ሾፌሩን፣ መኪናውን፣ ጎማውን ታስተኛለች። ቃሉ ሲጠፋት ቆም ብላ ታየዋለች፤ እሱም ሳይዘፍን፣ እንደ ተራ ወሬ፣ ይነግራታል።