ወይዘሮ ትብለጽና የፈረሱ ሥጋ

ወይዘሮ ትብለጽ የፈረስ ሥጋ በልተው እንደሚያውቁ ከማንም ደብቀው አያውቁም። የጠየቃቸው ሰው ስላልነበረ ብቻ ሳይነገር ኖረ። ሚኒያፖሊስ ከመጡ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሆኗቸዋል። በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል፤ ልጅ አሳድገዋል፤ ባል ቀብረዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ «ለመሆኑ ምን ምን ሥጋ ቀምሰዋል?» ያላቸው አንድም ሰው የለም። ስለዚህ የልጃቸው ልጅ ዴሊና አንድ ቅዳሜ ከሰዓት መጥታ ስልኳን ስትዘረጋላቸው፣ ነገሩ ያን ያህል ይከራል ብለው አልጠበቁም።

ዴሊና ሃያኛ ዓመቷን ይዛለች። ከሚኒያፖሊስ ወጣ ባለችው ዉድበሪ ከአባቷና ከእናቷ ጋር እየኖረች የእንስሳት ሐኪም ረዳት ለመሆን ትማራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከዉድበሪ ወዲያ ገጠሩ ሲጀምር ያለ አንድ የፈረስ መጠለያ ሄዳ በነጻ ታገለግላለች። ጌቶቻቸው የጣሏቸው፣ ወይም ከጨረታ ላይ የተገዙ ያረጁና የታመሙ ፈረሶች የሚኖሩበት ቦታ ነው። ከዚያ በቀጥታ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ሲዋርድ ሰፈር ወደሚገኘው ወደ አያቷ አፓርታማ ትመጣለች። ወይዘሮ ትብለጽ በሩን ከፍተው ገና ሳይስሟት «ጋጣ ጋጣ ትሸቺያለሽ፤ ጫማሽን እዚያው ኮሪደሩ ላይ!» ይላሉ። ሽታውን ግን ከወደዱት ቆይተዋል። ቅዳሜ መድረሱን የሚነግራቸው እሱ ነው።

የዚያን ዕለት ዴሊና ገና ሳትቀመጥ፣ «አደይ፣ እዚህ ጋ በጣትሽ ሳይን አድርጊልኝ» አለቻቸው፤ በትግርኛ «እናቴ» ማለቷ ነው።

«ምንድን ነው?»

«ፔቲሽን ነው፤ ፊርማ ማሰባሰቢያ። ፈረስ ታርዶ እንዳይበላ።»

ወይዘሮ ትብለጽ መነጽራቸውን አጥልቀው ስልኩን አዩትና መለሱላት። «እንግዲያው እኔ አልፈርምም።»

«ለምን?»

«በልቼዋለሁዋ! እኔ የበላሁትን እናንተ አትብሉ ብዬ እንዴት እፈርማለሁ?»

ዴሊና ቀልድ መስሏት ሳቀች። የአያቷ ፊት እንዳልተለወጠ ስታይ ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ። «ኖ ዌይ» አለች በዝግታ።

«ጣልያን አገር። ወጣት ሳለሁ። ደግሞም ይጣፍጥ ነበር።»

ይህችን የመጨረሻዋን ባልጨመርኩ ኖሮ ብለው በኋላ ብዙ ጊዜ አስበዋል። ዴሊና የቀረበላትን ምግብ ሳትነካ፣ ፈተና አለብኝ ብላ ጫማዋን ኮሪደሩ ላይ አጥልቃ ሄደች።

ወይዘሮ ትብለጽ ያደጉት አዲስ አበባ ነው። አባታቸው ከአስመራ መጥተው መርካቶ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ይሸጡ ነበር። ደርግ ከገባ በኋላ በአንዲት ዘመድ በኩል ጣልያን ሄዱና ፓዶቫ በምትባል ከተማ፣ ሲኞራ ኤልዳ የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴትዮ ቤት በሠራተኝነት ገቡ። የመጀመሪያው ክረምት ሳያልቅ ደም አነሳቸው። ደረጃ ላይ ልብስ እንደተሸከሙ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። የሰፈሩ ሽማግሌ ሐኪም የዓይናቸውን ቆብ ገልበጥ አድርጎ አየና የፈረስ ሥጋ እንዲበሉ አዘዘ። በዚያ አገር የድሮ ሐኪሞች ደም ላነሰው ሰው የፈረስ ሥጋ እንደ መድኃኒት ያዝዙ ነበር። ለብቻውም የሚሸጥበት ቤት አለ፤ በሩ ላይ ከብረት የተሠራ የፈረስ ጭንቅላት የተሰቀለበት።

ወይዘሮ ትብለጽ እንቢ አሉ። ሲኞራ ኤልዳ አልተሟገቱም። ሥጋውን ራሳቸው ገዝተው፣ በቲማቲምና በወይን ጠጅ ከጠዋት እስከ ምሳ አበሰሉትና ሳሎን ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሳህን አቀረቡ። ወይዘሮ ትብለጽ እስከዚያ ቀን ድረስ የሚበሉት ወጥ ቤት ነበር። ሴትዮዋ ፊት ለፊታቸው አስቀመጧቸውና አስቀድመው እሳቸው ጎረሱ። ከዚያ ጠበቁ። ወይዘሮ ትብለጽ እያለቀሱ በሉ። በቀሩት የክረምቱ ወራትም ከዚያ ቤት ራሳቸው እየገዙ በየሳምንቱ በሉ። ጉንጫቸው ቀላ፤ ደረጃውን እየሮጡ ይወጡት ጀመር።

ዴሊና ወሬውን ለእናቷ፣ ለወይዘሮ ትብለጽ ምራት ለባየሽ ነግራት ኖሮ ያን ማታ ስልክ ተደወለ።

«እማማ፣ እውነት ነው?» አለች ባየሽ። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች፣ ጾም የማታፈርስ፣ በዉድበሪ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነርስ የሆነች ሴት ናት።

«እውነት ነው።»

«ሰኮናው ያልተሰነጠቀውን! የማያመሰኳውን! እንዴት አስቻለዎት? ለንስሐ አባትዎ ነግረዋል?»

«ያኔውኑ ነግሬያለሁ። ‹ለመድኃኒት ነው› ብለው አልፈውታል። አንቺ ከእሳቸው ልትበልጪ ነው?»

ባየሽ ደህና ይደሩ ብላ ስልኩን ዘጋች። የሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ዴሊና አልመጣችም። ከዚያም የሚቀጥለው። ወይዘሮ ትብለጽ በየሳምንቱ ለሁለት ሰው ሠርተው ለብቻቸው ይበላሉ፤ የተረፈውን ከላይ ፎቅ ለምትኖረው ጎረቤታቸው ለብርነሽ ያወጣሉ። በልጅቷ አልተቆጡም። እልኸኝነቷን ከማን እንደወረሰችው ያውቁታል። ኮሪደሩ ንጹሕ ሆኖ ሲያዩት ግን ሆድ ይብሳቸዋል።

በጥር ብርድ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ ስልካቸው ጮኸ። ዴሊና ነበረች። «አደይ፣ መኪናዬ አልነሣ አለኝ። ማም ሥራ ናት። ዳድ ጭነት ይዞ አዮዋ ስቴት ነው ያለው። መጠለያው መድረስ አለብኝ፤ ዱክ ዛሬ... ሐኪሙ ሊመጣ ነው። ፕሊስ።»

«ካፖርትሽን ልበሺና ጠብቂኝ» አሉ ወይዘሮ ትብለጽ። አሮጌዋን ኮሮላ አስነሥተው፣ በረዶውን ከመስተዋቱ ፍቀው፣ ሀይዌዩን ይዘው ወደ ምሥራቅ ነዱ። በእሳቸው ዕድሜ ያሉ ሴቶች በረዶ ላይ መንዳት ትተዋል። እሳቸው አልተዉም።

ዴሊና መኪናው ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን አሰረች። ዓይኗ አብጧል። ዱክ የሚባለው ያረጀ ፈረስ እግሩ ታሞ መቆም እንዳቃተውና ሐኪሙ ሕይወቱን በመርፌ አሳልፎ ከሥቃዩ ሊያሳርፈው እንደሚመጣ በአጭሩ ነገረቻቸው። ከዚያ መስኮቱን እያየች፣ «እንዴት ልትበዪው ቻልሽ ግን?» አለች። «ስም ያለው እንስሳ ነው እኮ።»

«ስሙን ማንም አልነገረኝም።»

«አደይ!»

«አባትሽ ለፋሲካ የሚገዛው በግ ስም ስለሌለው ነው የሚታረደው?»

«በግ አይሸከምሽም። ዱክ ዕድሜውን ሙሉ በሰመር ካምፕ ልጆች ሲሸከም ኖረ። ሲደክም ጨረታ አወጡትና ለቄራ የሚገዛ ሰውዬ እንደ ሥጋ በክብደቱ፣ በፓውንድ ሊገዛው ነበር። ካናዳ ድረስ በትራክ ነው የሚወስዷቸው፤ ቆመው፣ ውኃ ሳይጠጡ። ታውቂያለሽ ትራኩ ላይ እንዴት እንደሚወጡ? ማንም አያስገድዳቸውም። ሰው ገመዱን ሲይዝላቸው አምነውት ነው የሚወጡት።»

«ማሞቂያውን ጨመር አድርጊው» አሉ ወይዘሮ ትብለጽ።

መጠለያውን የምታስተዳድረው ማርጊት የምትባል ረጅም፣ ቀጭን አሮጊት ናት። የካፖርቷ ክርን በፕላስተር ተለጥፏል። ዱክ ነጣ ያለ ግራጫ ፈረስ ነው፤ አንድ ዓይኑ ደመና መስሏል፤ በኋላ እግሮቹ ተደግፎ የፊቶቹን መሬት ለማስነካት ይፈራል። ከጋጣው ወደ ሜዳው መውጣት ነበረበት፤ ጋጣው ውስጥ ወድቆ ከሞተ ማንም ሊያወጣው አይችልም። ገመዱን እንድትይዝ የታሰበችው ዴሊና ነበረች፤ እሷን ስለሚያውቃት። ልጅቷ ግን ገመዱን ይዛ ሁለት ጊዜ ሞክራ ቆመች። «አልችልም» አለች። «እኔን አምኖ ነው የሚወጣው። አልችልም።»

ወይዘሮ ትብለጽ ፈረስ በእጃቸው ነክተው አያውቁም ነበር፤ የሚያውቁት ጋሪ ላይ ተቀምጠው ጀርባውን ነው። ጓንታቸውን አውልቀው ገመዱን ከልጅቷ እጅ ወሰዱ። ዱክ አንገቱን ዘንበል አድርጎ የነጠላቸውን ጫፍ አሸተተ፤ ትንፋሹ እንደ እንፋሎት አንገታቸው ውስጥ ገባ። «ንዓ ወደይ» አሉት በትግርኛ፣ ና ልጄ። አልጎተቱትም። እሱ አንድ እርምጃ ሲራመድ እሳቸውም አንድ ተራመዱ፤ ሲቆም አብረው ቆሙ። ዴሊና በሌላው ጎኑ መጣችና እጇን አንገቱ ላይ አደረገች። እንዲህ እያሉ ሦስቱም ሜዳው ላይ ደረሱ።

ሐኪሙ ፈጣንና ለስላሳ ሰው ነበር። ዱክ ጭንቅላቱ በወይዘሮ ትብለጽ ደረት ላይ እንዳለ ጉልበቱ ላላ፤ ደክሞት እንደሚቀመጥ ሰው ወረደ። በረዶው ላይ ተንበርክከው ጆሮውን ሲደባብሱ ቆዩ፤ አላለቀሱም፤ ግን ቶሎ መነሣት አልፈለጉም።

«አሁን ወዴት ይወስዱታል?» ብለው በመጨረሻ ማርጊትን ጠየቁ።

መሬቱ እንደ ድንጋይ ስለደረቀ መቅበር እንደማይቻልና መኪና መጥቶ እንደሚወስደው፣ እንደሚቃጠልም ነገረቻቸው።

«ለውሻም አይሆንም?»

ሐኪሙ መለሰላቸው። መድኃኒቱ ሥጋው ውስጥ ስለሚቀር የበላው ሁሉ ይሞታል፤ ንስር እንኳ ቢሆን። ወይዘሮ ትብለጽ በረዶው ላይ የተዘረጋውን ያን ታላቅ ገላ አዩት።

መኪናው ውስጥ ገብተው ሞተሩ እስኪሞቅ ተቀመጡ።

«የምታስቢውን አውቃለሁ» አለች ዴሊና። «ባከነ እያልሽ ነው።»

«አዎ፣ እያልኩ ነው። አልዋሽሽም። እንጀራ የቸገረው ሰው አይቻለሁ፤ ያን ያህል ሥጋ ሲቃጠል ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም።» እጃቸውን ማሞቂያው ላይ ዘረጉ። «ግን ሌላም ነገር እያሰብኩ ነው። ይሄኛው አልፈራም። እኔ የበላሁት እንዴት እንደሞተ አላውቅም። በየሳምንቱ በሩ ላይ ካለው የብረት ጭንቅላት ሥር እገባ ነበር። አንድ ቀን ‹ከየት ነው የምታመጡት? እንዴት ነው የሚታረደው?› ብዬ አልጠየቅሁም። ሥጋው ቀይ መሆኑን ብቻ ነበር የማየው።»

ዴሊና ወደ እሳቸው ዞረች። «ታመሽ ነበር ግን።»

«ታምሜ ነበር።»

«ባትበዪ ትሞቺ ነበር? እኔም አልኖርም ነበር ማለት ነው?»

ወይዘሮ ትብለጽ አሰቡበት። አዎ ቢሏት ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። «እንጃ» አሉ። «ጉበት በልቼም እድን ነበር ይሆናል። ጣልያኖቹ ጉበት አላጡም።»

ልጅቷ ሳታስበው ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ፤ አያቷ ነጠላቸውን አውርደው ሰጧት። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ያን ፔቲሽን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአማርኛ እያደረገች አነበበችላቸው። ቃል ሲያጥራት በእጇ እያሳየች። የሚለው ፈረሶች ለእርድ በትራክ ድንበር እንዳይሻገሩ ነበር።

«የበላ ሰው ክፉ ነው የሚል አለበት?»

«የለበትም።»

«ያኔ እንዲህ አድርገሽ ብታነቢልኝ ምን ነበረበት?» አሉና በቀዘቀዘ ጣታቸው ፈረሙ። ስለ እርዱ ራሱ ግን አልተስማሙም። ዴሊና ፈረስ ፈጽሞ መታረድ የለበትም ትላለች፤ ወይዘሮ ትብለጽ ሳይፈራና ሳይንገላታ ከሆነ ከማቃጠል ይሻላል ይላሉ። ዛሬም ድረስ እየተከራከሩበት ነው፤ ክርክሩ ግን ምሳ አያስቀርም።

የባየሽ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ለፋሲካ ሁሉም ዉድበሪ ተሰብስበው ሳለ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ፣ በሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ ዘጋችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እማማ፣ ለመሆኑ ጣዕሙ ምን ይመስላል?» አለቻቸው።

«የበሬ ይመስላል፤ ትንሽ ጣፈጥ ይላል።»

ባየሽ አማተበች። ቀጥላም፣ «ቅመም ይፈልጋል ማለት ነው» አለች።

አሁን ወይዘሮ ትብለጽ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዴሊና ጋር መጠለያው ይሄዳሉ። አካፋ ማንሣት አይፈቀድላቸውም፤ ያረጁትን እየመሩ ማንሸራሸር ነው ሥራቸው። ከማርጊት ጋር ባልንጀራ ሆነዋል። የማርጊት አባት ትራክተር የገዙ ዕለት የሚያርሱባቸውን ሁለት ፈረሶች ለቆዳቸው ለሚረቡ ቀበሮዎች መኖ ሸጠዋቸው ነበር። ይህን የነገረቻቸው አጥር ተደግፈው ሻይ ሲጠጡ ነው። አባቷ በዚያ ሳምንት እራት ላይ እንዳልተቀመጡም ነገረቻቸው። ወይዘሮ ትብለጽ አልፈረዱባቸውም።

በሚያዝያ መጨረሻ አንዲት ቡናማ ባዝራ ከጨረታ ተገዝታ መጣች። ያመጣት ተጎታች መኪና በር ሲከፈት ጥግ ይዛ አልወርድም አለች። ማርጊት ገመዱን ለወይዘሮ ትብለጽ አቀበለቻቸው። እሳቸው አልሳቡትም። የተገለበጠ ባልዲ አስመጥተው መወጣጫው ግርጌ ተቀመጡ። ዴሊናም አጠገባቸው ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ፀሐይ ሞቅ ብላለች፤ ሥራ የሚያስቸኩለው ሰው አልነበረም፤ ባዝራይቱ ከውስጥ ጆሮዋን አቁማ ታያቸዋለች።

«ካልወረደችስ?» አለች ዴሊና።

«ትውረድ አትውረድ የእሷ ጉዳይ ነው» አሉ ወይዘሮ ትብለጽ፤ ነጠላቸውንም አስተካክለው ለመቆየት ተመቻቹ።