ለኣቦይ የመረጥንለት ታብሌት

አባቴ መቀሌ ዓይደር ሆስፒታል ጉሮሮው ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሲወጣ ሕይወቱ ተረፈ፣ ድምፁ ግን እዚያው ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረ ሰው ነው፤ ሲያወራ ካፉ ማር ጠብ ይላል የሚባልለት። እኔ አብሬው ስለምኖር በደብተር እየጻፈ ያናግረኛል። ወንድሜ አዲስ አበባ፣ እህቴ ሐዋሳ ናቸው። እነሱ ሲደውሉ "ደህና ነው፣ ደህና ነው" የምለው እኔ ነኝ። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ አፌን ያያል።

ታብሌት ይገዛለት የተባለውም ለዚህ ነበር፤ ራሱ እንዲያናግራቸው። ብሩን ሁለቱ ላኩ፣ እኔ እግሬን አዋጣሁ። ከሥራ መልስ፣ ቤታችን ካለበት ከሰሜን በኩል በሚኒባስ እየወረድኩ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆቹን ስዞር ሰነበትኩ። ሁሉ ካማረሽ ገበያ አትውጪ የሚባለው ለካ ለእኔ ኖሯል። ስክሪኑ ሰፊ የሆነው ሲም አይቀበልም፤ ቤታችን ደግሞ ዋይፋይ የለም። ሲም የሚቀበለው ባትሪው ግማሽ ቀን አይዘልቅም። ሁሉም የተሟላለትን አየሁና ዋጋው ሲነገረኝ ሳቄ መጣ። ከድካሜ ብዛት እሱም ሳቅ አልመሰለም።

በመጨረሻ አንድ ከወሎ መጥቶ መቀሌ የከረመ ነጋዴ ሱቅ ገባሁ። ሁለት ታብሌት አውጥቶ የመስታወት ባንኮኒው ላይ አስቀመጠልኝ። ሁለቱም ሲም ይቀበላሉ፣ ዋጋቸውም እኩል ነው። አንደኛው የራሱ ብዕር አለው፤ እንደ ወረቀት በእጅ ይጻፍበታል፣ የተጻፈውም እንዳለ ይላካል። ካሜራው ግን ሰው ከሰው አይለይም፣ ሜሞሪውም ትንሽ ነው። ሁለተኛው ካሜራው የጠራ፣ ሜሞሪው እጥፍ፤ ብዕር ግን የለውም። በጣት ፊደል እየለቀሙ መጻፍ ነው።

"ለማን ነው እህቴ?" አለኝ። ነገርኩት።

"አላህ አፊያ ያድርጋቸው። ባለ ካሜራውን ውሰጂ። ወላሂ፣ ልጆች የአባታቸውን ፊት ከማየት በላይ ምን ይፈልጋሉ? ብዕሩማ አንዴ ከጠፋ ምትኩ እዚህ አይገኝም።"

የእኔ ልብ ግን ብዕሩ ላይ ነበር። አባቴ በጠመኔ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው፤ የፊደል ቁልፍ ነክቶ አያውቅም። በሩ ላይ ቆሜ ለወንድሜና ለእህቴ በአንድ ጥሪ ደወልኩ።

"ኧረ ካሜራው ይሻላል! ፊቱን እንየው እንጂ" አለኝ ወንድሜ። እህቴም ያንኑ አለች።

"እሱን ልጠይቀውና ነገ ልመለስ?" ስለው ወንድሜ ተቆጣ። "የታመመ ሰው ላምጣልህ ወይ ይባላል እንዴ? ብትጠይቂው ምንም አልፈልግም ነው የሚልሽ!"

ይህን እኔም አላጣሁትም። በእኛ ዘንድ ለታመመ ሰው ይመጣለታል እንጂ አይጠየቅም፤ ጠይቆ መግዛት ስስት ይመስላል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እከራከር ነበር። ያን ቀን ግን እግሬ አብጧል፣ እራትም ይጠብቀኛል። ባለ ካሜራውን አስጠቅልዬ ወጣሁ።

እሁድ እሁድ በቪዲዮ መደወል ተጀመረ። አባቴ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ የሚተነፍስበት አንገቱ ላይ ያለው ቀዳዳ እንዳይታይ ነጠላውን እስከ አገጩ ይስባል። "ከመይ ኣለኻ ኣቦይ! አምሮብሃል እኮ! ወፍረሃል!" ይላሉ። አልወፈረም። መነጽሩን አድርጎ አንዷን ፊደል ፈልጎ እስኪነካ እነሱ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ቤት ኪራዩ፣ ስለ ዝናቡ አውርተው ይጨርሳሉ። ከዚያ "በል ኣቦይ፣ ቻው!" ይሉታል፣ እጁን ያውለበልባል። የጀመራት ቃል ስክሪኑ ላይ እንደተንጠለጠለች ትቀራለች። እኔ እያየሁ እበግን ነበር። ለእነሱ ብነግራቸው ደግሞ "ቀስ እያለ ይለምደዋል" ነው መልሳቸው።

አንድ እሁድ ታብሌቱን ላበራለት ስሄድ ቀድሞኝ ይዞታል። የካሜራው ዓይን ላይ የቁስል ፕላስተር ለጥፎበታል። ልልጠው እጄን ብሰድ መታኝ። አባቴ እጁን አንስቶብኝ አያውቅም።

ጥሪው መጣ። "ጠቆረብን እኮ፤ ኔትወርክ ነው?" አለ ወንድሜ። "ኣቦይ፣ አለህ?" አለች እህቴ። እኔ ልመልስ ስል ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም አሰኘኝ። የሚያሞግሱት ፊት ሲያጡ እነሱም የሚሉት ጠፋቸው። እየጻፈ መሆኑን ስልካቸው ሲያሳያቸው ሁለቱም አቀርቅረው ጠበቁ። አባቴ ጣቱን ከፊደል ወደ ፊደል እያሻገረ፣ የሳተውን እያጠፋ፣ ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ እስኪል ጻፈ። መልእክቱ ሲደርስ ሦስታችንም እኩል አነበብነው።

"ደህና ነው አትበሉልኝ። ሌሊት ትንፋሼ ይቆማል ብዬ እፈራለሁ።"

በአጠገቡ ባለው አልጋ የምተኛው እኔ ነኝ፤ አንድም ሌሊት አላወቅሁም። እንባዬ መጣ፣ አልደበቅሁትም። ወንድሜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ኣቦይ፣ ምን እናድርግልህ?" አለው።

አባቴ መነጽሩን በነጠላው ጫፍ ወልውሎ መልሶ አደረገ፤ ጣቱንም አንስቶ የመጀመሪያዋን ፊደል መፈለግ ጀመረ። ጠበቅነው።