ብርቄ አልተናገረችም

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። በየዓመቱ ጾም ሲገባ እግራቸው ሥር ተቀምጬ ትንንሹን ኃጢአቴን እዘረዝርና ትልቁን ይዤው እመለሳለሁ። አንተ የማላውቅህ አንባቢ፣ ዛሬ ጆሮህን ስጠኝ። እንድትፈታኝ ብዬ አይደለም። እንድትሰማኝ ነው።

ከመቄት ደጋ ወደ ራያ ቆላ የወረድኩት ተቀይሬ ነው። ከዋናው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ስሟን ተወው፣ በንግድ ቢሮ የሸማቾች ቅሬታ ተቀባይ ሆንኩ። ሚዛን የተሰረቀበት፣ ጊዜው ያለፈበት ዕቃ የተሸጠለት፣ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ምግብ የገዛ ሰው ወደ እኔ ይመጣል። አዳምጠዋለሁ፤ ናሙና ተወስዶ ይመረመራል፤ ጥፋት ከተገኘ ሱቁ ይታሸጋል። ከሁሉ የሚበልጠው ደንባችን ግን የከሳሹ ስም ከዚያች ክፍል እንዳይወጣ ነበር።

በከተማዋ ዘመድ አልነበረኝም። ከሥራ ስወጣ የሚጠብቀኝ የተከራየሁት ቤት ግድግዳ ብቻ ነው። የራሱን ቤት ከፍቶ የተቀበለኝ ጌታሁን የሚባል ነጋዴ ነበር። ልጁን ክርስትና አነሳሁለትና አበልጅ ሆንን። በዓል በመጣ ቁጥር ከማዕዱ የምቀመጥበት ቦታ አለኝ። ተቆጣጣሪ ከነጋዴ ጋር እንዲህ መዛመዱ ልክ አልነበረም። አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። ግን ብቻውን እየበላ የኖረ ሰው ለጠራው ሁሉ ይነሣል።

አንድ ቀን ጠዋት ሁለት ሴቶች መጡ። አንደኛዋ ዘሀራ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትቸረችር። ሁለተኛዋ ጎረቤቷ ብርቄ ናት። በአንድ አጥር የሚኖሩ፣ በዘሀራ መውሊድም በብርቄ ጥምቀትም አብረው ጉድ ጉድ የሚሉ ጓደኛሞች ናቸው። ዘሀራ ከሻርፗ ሥር የቅቤ ዕቃ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

«ልጄ አራስ ናት። ይህን ከበላች ወዲህ ቀና አላለችም። ወንድሜ፣ ይሄ ቅቤ አይደለም።»

ከፍቼ አሸተትኩት። እውነትም የረጋ ዘይት ነው የሸተተኝ። ማን እንደሸጠላት ጠየቅኳት።

«ጌታሁን ነው» አለች፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሽንኩርቱንም በዱቤ የሚሰጠኝ እሱ ነው። ስሜን ከሰማ አለቀልኝ።»

«ስምሽ ከዚህ በር አይወጣም» አልኳት። እኔ ነኝ ያልኳት። በዚህ አፌ።

«በይ፣ ሰውዬው ቃሉን ሰጠሽ» አለች ብርቄ። «የእኔን አፍ እንደሆነ ታውቂዋለሽ።»

ቅቤው ሲመረመር እንደጠረጠርነው ሆነ፤ ሱቁም ታሸገ። እስከዚህ ድረስ ሰው ነበርኩ።

በማግስቱ ከሰዓት ጌታሁን ቤቴ መጣ። አልተቀመጠም።

«አበልጅ፣ የቀበርከኝ አንተ ነህ?»

«ከሳሽ መጥቶ እንጂ እኔ ተነሥቼ አይደለም።»

«ማነው?»

«እሱን አልነግርህም።»

«እንግዲያው ደጄን እንዳትረግጥ» ብሎ ዞረ። እጁ በሩን ሲነካ ተናገርኩ፦ «ለአራስ ልጇ ብላ ከአንተ ቅቤ የገዛችው ማን ነበረች?»

አምልጦኝ ነው? ስንት ዓመት ለራሴ እንዲያ ስለው ኖርኩ! አላመለጠኝም። አስቤ፣ ቃሌን መርጬ ተናገርኩ። ስሟን አልጠራሁም እያልኩ ስሟን ሰጠሁት። ለምን? ከሰው ማዕድ ላለችኝ ለአንዲት ቦታ።

ጌታሁን አልመታትም፤ አልሰደባትም። ለነጋዴዎቹ «ጠቋሚ ናት» አላቸው፤ በቃ። ሽንኩርት የሚያቀብላት ጠፋ። በገበያ ቀን ባዶ ማዳበሪያዋን አንጥፋ ስትቀመጥ አይቻታለሁ። አይቼ በሌላ መንገድ ዞሬያለሁ።

ዘሀራ የጠረጠረችው ግን እኔን አልነበረም። ቃል የገባላት የመንግሥት ሰው እንዴት ይዋሻል? ብርቄን ጠረጠረች። ሁለቱ መነጋገር አቆሙ፤ በአጥራቸው መሐል የነበረችው መሹለኪያም በእሾህ ተዘጋች። በመጨረሻ ዘወልድ የምንላቸው አስታራቂ ሽማግሌዎች ዋርካው ሥር ሰበሰቧቸው። እኔም ተጠራሁ።

«ልጄ፣» አሉኝ አንደኛው ሽማግሌ፣ «ነገሩ ከእናንተ ቢሮ ወጥቶ ይሆን? በል እውነቱን አውጣው፤ እነዚህ እህትማማቾች ናቸው።»

ብርቄ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። የምትከስ ዓይን አልነበረችም፤ እውነቱን እንዳወጣ የምትለምን ዓይን ነበረች።

«ከእኛ አልወጣም» አልኩ።

«ጊዮርጊስን አላልኩም!» ብላ ብርቄ ተነሣች። «እሱ ያውቃል! እሱን መርምሩት!»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥፋቷን በሰው የምትለጥፍ መሰለቻቸው። ዘሀራም፣ «ወላሂ ብርቄ፣ ብታምኚልኝ እዚሁ እምርሽ ነበር» ብላ ሻርፗን እያስተካከለች ሄደች። ብዙም ሳትቆይ ልጇን ይዛ ወደ ዋጃ ተሰደደች።

ከዚያ በኋላ በሬን የሚያንኳኳ ጠፋ። በዘሀራ የደረሰውን አይቶ ማን ይምጣ? በስብሰባ ላይ ቅሬታ የጠፋበት ከተማ ተባልንና ተጨበጨበልን። እኔም ቆሜ እጅ ነሣሁ። የጌታሁን ሱቅ ተከፈተ፤ በዓል መጣ፤ ከቦታዬ ተቀመጥኩ። ያጎረሰኝን ጉርሻ መዋጥ አቃተኝ። ከዚያ ወዲያ ቤቱ አልሄድኩም። የሸጥኳትን ሴት ዋጋ እንኳ መብላት አልቻልኩም።

ከዓመታት በኋላ ብርቄ ሞተች። ለቀብሯ ዘሀራ ከዋጃ መጣች። ከሌሎቹ ሙስሊም ሴቶች ጋር ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆመች። እኔም ወደ ውስጥ መግባት አልደፈርኩምና እዚያው አጠገቧ ነበርኩ። ሬሳው ሲያልፍ እጆቿን ዘርግታ፣ «ብርቄዬ፣ አፉ ብዬሻለሁ፤ አላህም አፉ ይበልሽ» አለች።

ሰማኋት። ያልበደለቻትን ሴት ይቅር ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። አንዲት ቃል ይበቃ ነበር። አንዲት! ዋጥኳትና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ዘንድሮ ጡረታ ወጣሁ። ለዘሀራ እውነቱን በሰው ልላክላት ብዬ አሰብኩ፤ ስሟን አሳልፌ የሰጠሁ ሰው እውነቱንስ በሌላ ሰው አፍ ልላክ? አፈርኩና ራሴ ሄድኩ። ዋጃ ላይ መንገድ ዳር፣ ሸራ ሥር፣ ቲማቲም ስትሸጥ አገኘኋት። አወቀችኝ። «አንተ ሐቀኛው ሰውዬ!» ብላ መቀመጫ ዱካ ሳበችልኝ። አልተቀመጥኩም። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጌታሁንን፣ ዋርካውን፣ ቀብሩን።

ቲማቲሟን ማገላበጥ ጀመረች።

«በቀብሯ ዕለት አጠገቤ ቆመህ ነበር?»

«አዎ።»

«ያልኩትን ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያው ከእኔ ምን ትሻለህ?» አለችኝ ቀና ሳትል። «የነበረኝን ይቅርታ ላልበደለችኝ ሰጥቼው ጨርሻለሁ።»

እኔም አልለመንኳትም። ገበያተኛ መጣና ልትመዝንለት ተነሣች። እንባዋን በእጇ ጀርባ ስትጠርግ አይቻለሁ። ለእኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

አንባቢ ሆይ፣ አንተም ይቅር አትበለኝ። ብቸኛ ነበርኩ ማለቴን ምክንያት አድርገህ አትቁጠርልኝ፤ ብቸኛ ሰው ሁሉ ጎረቤቱን አይሸጥም። ይህን ብቻ ያዝልኝ፦ በዚያች ከተማ ዛሬም የብርቄ ስም ሲነሣ «አፏ አያርፍም ነበር» የሚል አለ። ሐሰት ነው። ብርቄ አልተናገረችም። የተናገርኩት እኔ ነኝ።