ከውስጥ የታየው የራስ ቁር

ቆቦ ገበያ ዳር ልብስ እሰፋለሁ። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ትቼዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ራሴ ነኝ ለራሴ ያስተማርኩት። ስለ ጥንት የራስ ቁር ማወቄ ግን ለሰው ሁሉ ሳቅ ነው። ነገሩን ያመጣው ግቢያችን ውስጥ ተከራይቶ የነበረ፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የታሪክ አስተማሪ ነው። ሲዛወር ዕቃው በዛበትና አንድ ባለሥዕል የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ትቶልኝ ሄደ። መጽሐፉ የሮማ መንግሥት ሊወድቅ ሲል፣ ከወደቀም በኋላ፣ ወታደሮች ራሳቸው ላይ ስለሚደፉት ብረት የተጻፈ ነው። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት፣ መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ገጽ በገጽ ጨረስኩት።

ለምን ወደድሽው ብትሉኝ፣ የልብስ ሰፊ ነገር ሆኖብኝ ነው። ጠርዙ ላይ በተርታ የተበሱትን ቀዳዳዎች ገና ማብራሪያውን ሳላነብ አውቄያቸዋለሁ፤ ገበር የሚሰፋባቸው ናቸው። ብረት እንዲሁ ባዶውን ራስ ላይ አይደፋም። ዘመኑን መለየትም እንደ ልብስ ነው፣ መጋጠሚያውን ማየት ነው። በሮማ መጨረሻ ዘመን ሁለት ግማሽ ብረት ያጋጥሙና ከላይ፣ ከግንባር እስከ ማጅራት፣ እንደ ሸንተረር ያለ ብረት ይደርቡበታል። ከዚያ በኋላ የመጡት ደግሞ እንደ ጃንጥላ ብዙ ቁራጭ አድርገው በብረት መቀነት ያያይዙታል። ባለቤቴ ይህን ሳወራ ሲሰማ «የሮማ ወታደር ለልኬት ሲመጣ ጥሪኝ» ይለኛል።

አንድ የገበያ ቀን የባለቤቴ አጎት ከሮቢት ማዶ መጡ። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ከጆንያ ውስጥ አንድ የዛገ ነገር አውጥተው ጨርቄ ላይ አስቀመጡት። ቤታቸው ሁልጊዜ የማየው የማሽላ ዘር መስፈሪያ ነው፤ ገልብጬ ታችኛውን አይቼው ግን አላውቅም። አባታቸው ከጣሊያን ወታደር የማረኩት የራስ ቁር ነው ብለው ሲያወሩ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ።

አሁን ወደ እኔ ያመጣቸው ዋጃ የሚኖረው አማቻቸው የተናገረው ነገር ነው። ሰርግ ቤት፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ያንኑ ወሬ ሲጀምሩ አማቻቸው አቋርጧቸው፣ ይኸ የደርግ ወታደር ሲሸሽ የጣለው ነው፣ አስፋልት ዳር ስንቱን አይተናል፣ አባትህ ማረከው የምትለውን አንተው ለቅመኸው ይሆናል አላቸው። ዳሱ በሳቅ ሞላ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ አባታቸው አንድ ቃል አውርተው አያውቁም። ልጆቻቸውም አልጠየቋቸውም፤ ያ ነው የባሰባቸው።

መስፈሪያውን ገለበጥኩት። ጠርዙን ዝገት በልቶታል። አናቱ ላይ ግን ከፊት እስከ ኋላ ሸንተረር ተጋድሞበታል። ስንት ዓመት በሥዕል ያየሁት ነገር ነው።

«አባባ፣ ይኸማ የሮማ ነው» አልኩ።

«ሮማ የጣሊያን አገር አይደለም ወይ?»

«ነው። ግን ይኸኛው ከአባትዎ ከሺህ ዓመት በላይ ይቀድማል።»

መስፈሪያውን ትኩር ብለው አዩት። በኋላ ቀስ ብለው «እንግዲያ አባቴ ዋሽቷል» አሉኝ።

ያኔ ደነገጥኩ። የእኔ ምኞት ነበር የተናገረው፣ ብረቱ አልነበረም። ልብስ ሲመጣልኝ መጀመሪያ ገልብጬ ውስጡን የማየው ሴትዮ፣ ይህንን ከላይ ብቻ አይቼ ፈረድኩ። ውስጡ ደግሞ አይታይም፤ ዘሩ እንዳይፈስ እናታቸው በሰም ደፍነውታል። ሰሙን ላንሳው ወይ ብዬ ብጠይቃቸው ጥቂት አመነቱና «ወላሂ፣ ከዚህ የባሰ አይመጣም፤ አንሺው» አሉ።

ደጃፉ ላይ፣ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩት። በቆቦ ፀሐይ ሰም ለማለስለስ እሳት አያስፈልግም። እሳቸው ሻይ እስኪጠጡ ላላ፤ በመቀስ ጀርባ ላጥኩት። ከሥሩ የወጣው አንድ ወጥ ብረት ነው። ሁለት ግማሽ የለም፣ መጋጠሚያ የለም። ሸንተረሩም ምንም አላያያዘም፤ አናቱ ላይ ያለ ረጅም ስንጥቅ፣ አየር ማስገቢያ መሰለኝ፣ እሱን ነው የሸፈነው። ይህን በማሽን እንጂ በመዶሻ የሠራው የለም። የሮማ አይደለም። የደርግ ወታደር የሚደፋውንም አውቀዋለሁ፤ አናቱ ልሙጥ ነው።

ስልኬን አውጥቼ ጣሊያን በወረረን ዘመን የነበሩትን የጣሊያን ወታደሮች ፎቶ ፈለግሁ። ኔትወርኩ እየሄደ እየመጣ ብዙ አስጠበቀን። በመጨረሻ አንዱ ተከፈተ። ስልኩን ከእጄ ወስደው አራቁት፣ አቀረቡት፣ ከዚያ ጣታቸውን አንዱ ወታደር አናት ላይ አሳረፉ።

«ይኸውልሽ ሸንተረሩ» አሉ። «አልሐምዱሊላህ።»

እኔ በዓይኔ ሳላየው የቀረው የሮማ ቁር ትንሽ ቅር አሰኝቶኝ ነበር። ፊታቸውን ሳይ ተውኩት። አንድ ነገር ግን ሳልነግራቸው ብሸኛቸው ደግሞ እኔ ዋሾ እሆናለሁ።

«አባባ፣ ብረቱ የጣሊያን መሆኑን ይናገራል። አባትዎ እጅ እንዴት እንደገባ ግን አይናገርም።»

ሳቁ። ከሰርጉ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው።

«እሱንማ ብረት ምን ያውቃል? እሱን የምናገር እኔ ነኝ።» ቀሚሷን ልትወስድ መጥታ የቆመችውን ደንበኛዬን እንድትቀመጥ በእጃቸው አሳዩዋት፤ ወደ ማሽኔ ልመለስ ስል እኔንም እንድቆይ ነገሩኝና «አባቴ ያን ጊዜ ገና ጢም አላበቀለም» ብለው ጀመሩ።