ከአስቴር ጋር የጠጣነው የበረዶ ወይን

ባለፈው እሁድ የልጄ ባል ከሥራ ጉዞ ተመልሶ ምሳ ልንበላ እነሱ ቤት ተሰብስበን ነበር። ከምሳ በኋላ ከሻንጣው ቀጭን፣ አንገቷ ረጅም የሆነ ጠርሙስ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አቆማት። ውስጧ ያለው ነገር ቀለሙ የነጠረ ማር ነው የሚመስለው።

«እማዬ፣ የበረዶ ወይን ይባላል። አይዞዎት፣ እንደ ጭማቂ ነው» አለኝ። እኛ ቤት መጠጥ እንደማይገባ ስለሚያውቅ ትንሽ ፈራ ብሎ ነው የቀዳልኝ።

አፌ ውስጥ ሳደርገው መጀመሪያ የበሰለ ኮክ፣ ቀጥሎ ማር፣ መጨረሻ ላይ ምላስን ቆንጠጥ የሚያደርግ እንደ ሎሚ ያለ ነገር። ብርጭቆውን አስቀምጬ «ሙቀቱ ከበደኝ» አልኩና ወደ ግቢው ወጣሁ። ሙቀት አልነበረም። ያንን ጣዕም ከዚያ በፊት በወጣትነቴ ቀምሼዋለሁ፤ ይህን ደግሞ ልጄም አታውቅም።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ሀዋሳ ባጃጅ የሚባል ነገር አልነበራትም፤ ምሥራቅ ከሚባለው ሰፈራችን ወደ ሐይቁ ዳር በጋሪ ነበር የምንሄደው፤ የፈረሱ ኮቴ እየተንኳኳ፣ በክረምት ጭቃው ቀሚሳችን ላይ እየተረጨ። አስቴርና እኔ ሐይቁ አጠገብ ባለ አንድ ሆቴል አስተናጋጆች ነበርን፤ እሷ በዚያን ጊዜ ታጭታ ነበር። እሁድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ እንዘምራለን። እውነቱን ለመናገር እኔ እዘምራለሁ ይባል እንጂ የምትዘምረው እሷ ነበረች። አስቴር ብቻዋን የምታወጣው አንድ መዝሙር ነበር፤ እሱን ስትጀምር ልጆች እንኳ ማልቀስ ያቆማሉ።

አንድ ጊዜ ሆቴሉ ለውጭ እንግዶች መስተንግዶ እንዲያሠለጥኑን ጋሽ ሰይፉ የሚባሉ ሰው ከአዲስ አበባ አስመጣ። ሽማግሌ፣ ነጭ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ። የመጨረሻው ቀን ላይ ከምግብ በኋላ የሚጠጡ ጣፋጭ ወይኖችን አሰለፉልን። አንዱ ፍሬው ፀሐይ ላይ እስኪጨማደድ ደርቆ የተጠመቀ ነው፤ አንዱ ሻጋታ ከያዘው ፍሬ የተሠራ ነው፤ ሦስተኛው ግን አስገረመን።

«ይሄ ፍሬው ግንዱ ላይ እንዳለ በረዶ የመታው ነው» አሉ። «ሲጨመቅ ውሃው በረዶ ሆኖ ይቀራል፤ ጠብ የሚለው ስኳሩ ብቻ ነው። እንግዳ ሲጠይቃችሁ ምን እንደሚመስል መናገር አለባችሁ። ቅመሱ፤ መትፋት ይቻላል።»

ሁላችንም ቀመስን። እኔ ተፋሁት፤ አባቴ መጠጥ በሚከለክለው ቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበርና ጉሮሮዬ እንቢ አለኝ። አስቴር ግን ዓይኗን ጨፍና ዋጠችው። ኮኩን፣ ማሩንና ሎሚውን በቅደም ተከተል የተናገረችው እሷ ናት። ጋሽ ሰይፉ ሳቁና የተረፈውን ግማሽ ጠርሙስ ለእሷ ሰጧት።

በማግስቱ ሁለታችንም ዕረፍት ነበርን። አስቴር ጠርሙሱን ለአንዱ ልትሰጠው አስባ ነበር።

«ሐይቁ ዳር ወስደን እንጠጣው» ያልኳት እኔ ነኝ። ይህን በደንብ ልጻፈው፦ እኔ ነኝ።

«ብንታይስ?»

«ማን ያየናል? ጭማቂ ነው የሚመስለው!»

ከሰዓት በኋላ ከአንድ ዋርካ ሥር ተቀመጥን። ጠርሙሱን በነጠላዋ ጫፍ አስረን ውሃው ውስጥ አቀዘቀዝነው። የተጠበሰ አሳ በጋዜጣ ይዘን ነበር፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ረጃጅም ወፎች አጥንቱን ፈልገው እንደ ሽማግሌ እየተጎማለሉ ይጠጉናል። በሻይ ብርጭቆ፣ በትንሽ በትንሹ ጠጣን። በዚህ ጊዜ አልተፋሁም። ከእሷ የበለጠ የጠጣሁት እኔ ነበርኩ። በሳቅ ሞትን፤ ከዚያ የእሷን መዝሙር በሁለት ድምፅ ዘመርነው። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ዘምሬ አላውቅም።

አሳ ሊገዙ የመጡ አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እናት አዩን።

ረቡዕ ሽማግሌዎቹ ጠሩን። መጀመሪያ እኔ ገባሁ። አምስት ሆነው ተቀምጠዋል፤ አባቴ መሐል ላይ ነው። እጁን መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ አድርጎ ራሱ ጠየቀኝ።

«ልጄ፣ ጠጥተሻል?»

ፊቱን አየሁት። እንዳልጠጣሁ አስቀድሞ አምኖ ነበር።

«አልጠጣሁም። የጠጣችው አስቴር ናት» አልኩ። እዚያ ላይ ባቆም እንኳ አንድ ነገር ነበር። ማንም ሳይጠይቀኝ ጨመርኩበት፦ «እኔ ተይ ብያታለሁ።»

አስቴርን አስገቧት። አባቴ «ጓደኛሽ ተይ እንዳለችሽ ነግራናለች። እውነት ነው?» አላት።

ወደ እኔ ዞረች። አልተቆጣችም፤ ዓይኖቼን ፈለገች። እኔ የጫማዬን ጫፍ አየሁ።

«አዎ፣ ብላኛለች» አለች።

እሁድ በጉባኤ ፊት ስሟ ተጠርቶ ከመዘምራን መታገዷ ተነገረ። በወሩ የእጮኛዋ ቤተሰቦች ጋብቻው እንደቀረ ሰው ላኩ። የእሷን መዝሙር የሚያወጣ ሲፈለግ እኔን አቆሙኝ፤ እኔም ቆሜ ዘመርኩ። አባቴ የፊት ወንበር ላይ እንባውን እየጠረገ ነበር።

አስቴር ሥራዋን ለቃ አክስቷ ዘንድ ወደ ዲላ ልትሄድ ስትል የሆቴሉ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ አገኘኋት። ሽርጧን እያጠፈች ነበር።

«ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት።

«አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ነው የጠበቅሁት» አለችኝ። «እስከ ትናንት ድረስ ጠብቄአለሁ።»

አባቴ በልጁ እንደኮራ ሞተ። እኔም አግብቼ፣ ወልጄ፣ የመዘምራኑ መሪ ሆንኩ። ወጣቶቹ «የእርስዎ ምስክርነት» እያሉ ምክር ይጠይቁኛል።

አምና አንድ ሰርግ ላይ አየኋት። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ከአንዲት ልጅ ጋር ቆማ ነበር። እግሬ ሳላዘው ሮጠ። «አስቱ!» አልኩ፤ እንደ ድሮው።

እጄን በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ አለች፤ ለታላቅ እንደሚደረገው። ከእኔ የምታንሰው በሁለት ወር ብቻ ነው።

«እንደምን ነዎት? ቤተሰብዎ ደህና ነው?» አለችኝ።

ፊቷ ላይ ቂም ፈልጌ አጣሁ። ቂም ቢሆን እኮ የኔ የምለው ነገር ነበር። ለሰው ሁሉ የሚሰጠውን ትህትና ሰጥታኝ ልጅቷን ይዛ ወደ መቀመጫዋ ሄደች።

ዲላ ቅርብ ነው፤ በጠዋት የተሳፈረ ለምሳ ይደርሳል። ቤቷ የት እንደሆነ ጠይቄ አውቄአለሁ። የምነግራትንም አውቃለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳጠናው የኖርኩት ነው። በሯን አንኳኩቼ ስትከፍትልኝ አንቺ እንደምላት ወይስ እርስዎ እንደምላት ግን አላውቅም።