ጨጓራዬና የባልቴቷ ጥጃ

የመጀመሪያ ልጄን ስፀንስ ለአማካሪዬ ሮጬ የነገርኩት እኔው ነኝ፤ ሞኝነቴ ነው። «አይዞሽ፣ አንቺ አርፈሽ ውለጂ» አሉኝና የመስክ ሥራዬን ለሌላ ተማሪ ሰጡት። ክፋት የለባቸውም፤ ለክርስትናው እንዲያውም በግ ይዘው መጥተዋል። እኔ ግን የዶክትሬት ጥናቴን እንደ አዲስ ስጀምር ልጄ ሦስት ዓመት ሞልቶት ነበር።

ስለዚህ በሁለተኛው ዝም አልኩ። ደባርቅ ላይ ስታቲስቲክስ የማስተምር ሴት ስለሆንኩ ስዋሽም በሥርዓት ነው። ጠዋት ሲያቅለሸልሸኝ «ጨጓራ ነው» እላለሁ። ጨጓራ የሌለበት መምህር ስለሌለ ማንም አልተጠራጠረም፤ «ተልባ ጠጪ» የሚለኝ ብቻ በዛ። ሆዴ ገፋ ሲል ጋቢ ደረብኩ። ልጄን ዳባት እናቴ ዘንድ ትቼ፣ ከአራት መረጃ ሰብሳቢዎችና የሥራውን አጀማመር ሊያዩ ከመጡት አማካሪዬ ጋር ወደ ጃናሞራ ወጣሁ።

ሥራችን ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን በየቤቱ መመዝገብና መመዘን ነው። ታብሌቱ ላይ የሰፈረውን የመጀመሪያ ቀን መዝገብ ብናምን በመንደሩ ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ የለም። የሕፃን ልቅሶው ግን አላነጋግር ብሎን ነው የዋለው። ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ ዳባት ተወልጄ እንዴት አይገባኝ! ልጅ አይቆጠርም፤ ትንሹ ደግሞ ለእንግዳ ዓይን አይወጣም።

በማግስቱ መንደሩ ሁሉ የሚሰማቸው ባልቴት ቤት እኔው ገባሁ። እሳቸው እውነቱን ከተናገሩ ሌላው ይከተላል፤ ከሸሸጉ ጥናቴ አለቀለት። አማካሪዬ ደጃፉ ላይ ቆመው ያዳምጣሉ።

«እማማ፣ የልጅ ልጆችዎ ስንት ናቸው?»

«ሁለት። ተመስገን።»

ከመጋረጃው ጀርባ የሆነ ነገር አስነጠሰ።

«ያስ?»

«ጥጃ ነው።»

ጥጃው «እማ!» አለ። ባልቴቷ ቅንድባቸው እንኳ አልተነቃነቀም።

«አንቺስ ልጄ፣ ስንት አለሽ?»

«አንድ ወንድ።»

ጋቢዬን ከላይ እስከ ታች አዩት። «እዚያ ውስጥስ?»

«ጨጓራ ነው።»

«እንግዲያማ ያም ጥጃ ነው» አሉና እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። ብናገር ሥራዬን ዳግመኛ ይቀሙኛል፤ ብሸሽግ የሚቀረኝ ጥጃ የሞላበት ሰንጠረዥ ነው። «እናቶችን አሳምኑ» እያልኩ መረጃ ሰብሳቢዎቼን ሳምንት ሙሉ ያሠለጠንኩ ሴትዮ፣ የራሴን ልጅ ደብቄ ቁጭ ብያለሁ። አፈርኩ።

«የአራት ወር እርጉዝ ነኝ» አልኩ፣ ደጃፉ ድረስ እንዲሰማ ጮክ ብዬ።

«እሰይ! ማርያም በሽልም ታውጣሽ» አሉና ወደ መጋረጃው ዞሩ። «አምጧት!» አንዲት ጉንጫም ሕፃን ወጥታ ሚዛኑ ላይ ተቀመጠች።

አማካሪዬ ወደ ውጭ ጠሩኝ። «ነገ ወደ ደባርቅ ትመለሻለሽ። ሥራውን ሌላ ሰው ይጨርሰዋል» አሉ። ድምፃቸው እንዳለፈው ጊዜ የአባት ድምፅ ነው። እንባዬ መጣ፤ የንዴት ነበር።

ወሬው ግን ከእኛ ቀድሞ መንደሩን ዞሯል። ከሰዓት በኋላ መረጃ ሰብሳቢዎቹ ተራ በተራ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በየደጁ የተሰጣቸው መልስ አንድ ነው፦ «እርጉዟ ትምጣ። የራሷን ያልሸሸገች፣ ዓይኗ የሰው ልጅ አይጎዳም።» አማካሪዬ አላመኑም፤ ራሳቸው ሊሞክሩ ሄዱ። ሽበታቸውን አይተው ተነሡላቸው፣ ጠላ ቀዱላቸው፣ ልጅ ግን አንድም አላሳዩአቸውም።

ሲመለሱ ሴቶቹ በባልቴቷ ግቢ ውስጥ ልጆቻቸውን አቅፈው ተሰልፈዋል፤ እኔ እመዝናለሁ፣ እጠይቃለሁ፣ ታብሌቱን ጭኔ ላይ አድርጌ እጽፋለሁ። አማካሪዬ ቆመው ብዙ አዩ። ደባርቅን እንዳያነሡብኝ ፈርቼ አንገቴን ቀና አላደረግኩም።

ጎንበስ ብለው ታብሌቱን ከጭኔ ላይ አነሡና አጠገቤ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

«በይ፣ አንቺ ጠይቂ» አሉኝ፤ «እኔ እመዘግባለሁ።»