በበዓል ቀን የሚያመው ስክሪን

ከዚህ በፊት የራሴ የሆነ ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከሰባተኛ ክፍል ነው። የሌላ ሰው ማመልከቻ ግን ብዙ ኮፒ አድርጌአለሁ፤ ወረቀቱ ከማሽኑ ትኩሱን ሲወጣ «ጉዳዩ» ከሚለው ቀጥሎ ያለውን አንድ ሁለት መስመር ማንበብ ልማዴ ነበር። የእኔ ጉዳይ አንድ አሮጌ ስክሪን ነው።

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ውስጥ፣ በአንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ባለቤቱ ለመንግሥት ሥራ ከሰሜን መጥተው እዚሁ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ሌላው ሠራተኛ ጸሐፊው ነው፤ ጣቱ ፈጣን፣ ምላሱም እንደዚያው። እኔ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ቤቱን እጠርጋለሁ፣ ከጨንቻና ከካምባ የሚመጡ አማርኛ የማይሆንላቸውን ሰዎች በጋሞኛ አነጋግሬ የሚሉትን ለጸሐፊው እነግረዋለሁ። በአማርኛ ሲሆን ቀና ብዬ ሰው አላይም። በጋሞኛ ግን ድምፄ ይወጣል።

የኮምፒውተሩ ስክሪን ያ ወፍራሙ፣ ከኋላው ሆድ ያለው ዓይነት ነው። ቀጭኑ በመብራት ምክንያት ከተቃጠለ በኋላ ጋሼ ከቤታቸው አመጡት። «ይሄ ብረት ነው፣ አይሞትም» ይሉ ነበር። አንድ ገበሬ ወረፋ ሲጠብቁ ሰልችቷቸው «እስቲ ዜናውን ክፈቺልን» ብለውኛል።

ጸሐፊው በየወሩ በሚካኤልና በማርያም ቀን ቤተ ክርስቲያን ስለሚያገለግል አይገባም። በእነዚያ ቀናት ቤቱን የምከፍተው እኔ ነኝ። ሰው ሲጠፋ የጸሐፊው ወንበር ላይ ተቀምጬ ፊደል መልቀም ጀመርኩ። ጋሼ አዩኝና አልተቆጡም፤ «ተለማመጂ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ከወሩ ውስጥ የምጠብቀው ሁለቱን ቀን ብቻ ሆነ።

ችግሩም የመጣው በሁለቱ ቀን ነው። አንድ የሚካኤል ዕለት፣ ከቀትር በኋላ፣ የስክሪኑ ቀኝ ጥግ ወይን ጠጅ ሆነ። ዳር ዳሩ አረንጓዴ ሆኖ፣ ጨርቅ ላይ የፈሰሰ ቀለም ይመስላል። ፊደሎቹም ወደ ጥጉ ተጎተቱ። አጥፍቼ አበራሁት፤ ያው ነው። በማግስቱ ጠዋት ጸሐፊው ሲያበራው ግን «ድም» ብሎ ጥርት አለ።

«ወይን ጠጅ ሆነ?» አለኝ። «ምን ጠጥተሽ ነው?»

በማርያም ዕለት ደገመው። በማግስቱ ጠጋኝ ከላይኛው ከተማ ከሴቻ መጣ፣ ፈታታው፣ አቧራውን ነፋ፣ ገመዱን ነቅሎ ሰካ፣ «ከእኔም ከእናንተም ይበልጥ ጤነኛ ነው» ብሎ ሄደ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«አንቺ ብቻሽን ስትሆኚ ነው የሚያመው። ለምን?»

በእርጥብ ጨርቅ ወልውዬው እንደሆነ ጠየቁኝ። አልወለወልኩትም። ግን ስፈራ ድምፄ ስለሚጠፋ እውነት ስናገርም ውሸታም እመስላለሁ።

እኔ ደግሞ ጸሐፊውን ጠረጠርኩ። በበዓል ዋዜማ፣ ሊወጣ ሲል፣ ከስክሪኑ ኋላ ጎንበስ ሲል አይቼዋለሁ። ወንበሩን እንደምመኘው ያውቃል። «ወንበሬን እያሞቅሽልኝ ነው አሉ» ብሎኝ ነበር፤ ቀልድ ይሁን ዛቻ አልለየሁትም። ከዚያ በኋላ የሚያደርገውን ሁሉ እከታተል ጀመር። ሲያፏጭ ለምን አፏጨ፣ ዝም ሲል ምን አስቦ ነው እላለሁ። ጋሼ ደግመው ሲጠይቁኝ በቀስታ «በዋዜማው ገመዱን ሲነካ አየዋለሁ» አልኳቸው። ያየሁት ጎንበስ ሲል ነው። ገመዱን የጨመርኩበት እኔ ነኝ።

ጋሼ የቤቱን ቁልፍ ከጸሐፊው ተቀበሉት። ለእኔ ለብቻዬ «እሱ ከሆነ አሰናብተዋለሁ፤ ወንበሩን አንቺ ትይዣለሽ» አሉኝ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ደስታዬን ግን ሰው እንዲያየው አልፈለግኩም።

ያልኩት እውነት እንዲሆን ማስረጃ አስፈለገኝ። እኛ ቤት ጥጥ ይፈተላል። እናቴ ከፈተለችው ቀጭን ክር ቆርጬ፣ በሚቀጥለው ሚካኤል ዋዜማ ጸሐፊው ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ፣ ገመዱ ስክሪኑ ላይ በሚሰካበት ቦታ አሰርኩት። ገመዱን የነካ ሰው ክሩን ይበጥሰዋል።

ጠዋት ገብቼ ሳየው ክሩ እንዳለ ነው። ስክሪኑም ጥርት ያለ ነው። እንኳን ደስ ሊለኝ ከፋኝ።

ስድስት ሰዓት ላይ እንደ ልማዳቸው አባባ መጡ። አባባ በበዓል ቀን መንገድ ዳር ጥላ ዘርግተው ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ የሚለምኑ ሽማግሌ ናቸው። ፀሐዩ ሲከር እኛ ዘንድ ገብተው የሚለምኑበትን ሜጋፎን ቻርጅ ያስደርጉና አረፍ ይላሉ። ተቀብዬ የማስቀምጠው እኔ ነኝ። የመልአኩ ስም የሚጠራበት ዕቃ ስለሆነ ሰው የሚረግጠው መሬት ላይ አላኖረውም። ኮፒ ማሽኑ አጠገብም ቀለም ይነካዋል። ከፍ ያለውና ንጹሑ ቦታ ከስክሪኑ ጎን ያለው መደርደሪያ ነው፤ ነጭ ወረቀት አንጥፌ ሁልጊዜ እዚያ አስቀምጠዋለሁ። ያን ቀንም አስቀመጥኩት። ዞር ስል የስክሪኑ ጥግ ወይን ጠጅ ሆኗል።

ክሩን አየሁት። አልተበጠሰም።

«ልጄ፣ ሞላልኝ?» አሉ አባባ ትንሽ ቆይተው።

ላቀብላቸው ሳነሳው ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነበር። ወይን ጠጁ ተንቀሳቀሰ። መለስኩት፤ ተመለሰ። በስክሪኑ ፊት ወደ ግራ ወሰድኩት፤ ቀለሙ እናቷን እንደምትከተል ጥጃ ተከተለው።

«ምን እያደረግሽ ነው? እያጠንሽው ነው እንዴ?»

«አባባ፣ እዚህ ውስጥ ምን አለ?»

«የእኔ ድምፅ ነዋ!» ብለው ሳቁ። ቀጥለውም «ማግኔት አለው። ባለፈው መርፌ ቢጠፋብኝ በእሱ ነው ያገኘሁት» አሉኝ።

ይዘውት ከወጡ በኋላም እድፉ ፈዘዘ እንጂ አልጠፋም። ጠዋት ጠዋት ሲበራ የሚሰማው ያ «ድም» ይህንኑ የማግኔት እድፍ እንደሚያጥብ ያኔ ገባኝ፤ ሜጋፎኑ አጠገቡ ሳለ ግን ማጠብ አይችልም። ስክሪኑን ያሳመመው በአክብሮት የማስቀምጠው የእኔው እጅ ነው።

ሜጋፎኑን ሌላ ቦታ ባደርገው ነገሩ ዳግም አይመጣም። ማንም አያውቅም። ጸሐፊው ይባረራል፣ ወንበሩም የእኔ ይሆናል። እስከ መዝጊያ ሰዓት ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ አንድም ፊደል አልነካሁም።

በማግስቱ ሁለቱም ባሉበት ስለ ሜጋፎኑ ተናገርኩ። ጋሼ «የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ነው እንግዲህ ጥፋተኛው?» ብለው አላመኑኝም። ለመሞከር፣ እንደ ሜጋፎኑ ማግኔት ያለውን አሮጌ ሬዲዮናቸውን አንስተው ወደ ስክሪኑ አስጠጉት፤ ጥጉ ቀለሙን ቀየረ። «እግዚኦ!» ብለው ሳቁ። ጸሐፊውም ሳቀ።

«ገመዱን ሲነካ አየሁ ያልኩትም ውሸት ነው» አልኩ፣ ወለሉን እያየሁ። «ጎንበስ ሲል ብቻ ነው ያየሁት።»

ሳቁ ቆመ። ጸሐፊው ከጠረጴዛው ኋላ ጎንበስ ብሎ አንድ ከረጢት አወጣና ፊቴ ከፈተው። የመዝሙር ልብሱና ነጭ ጫማው ነበሩ። በየዋዜማው የሚያወጣው እሱን ነው።

ጋሼ ቁልፉን ለጸሐፊው መለሱለት። ለእኔ «ወደ ኮፒሽ» አሉኝ። ስለ ወንበሩ ዳግም አላነሱም፤ በበዓል ቀንም ራሳቸው መጥተው ይቀመጡበት ጀመር።

በዚያው ቀን ለጸሐፊው ወረቀት ሳቀብለው ቀና ሳይል ተናገረኝ።

«እኔ አንቺን እስከ ዛሬ አንድም ቀን ጠርጥሬሽ አላውቅም። ከእንግዲህ ግን፣ እህቴ፣ ጫማዬንም ቆልፌበት ነው የምሄደው።»